ወራጅ የሌለው አውቶቡስ

አርታኢዋ ዘጠነኛውን ገጽ አንብባ ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። ፖስታውን አፉን ወደ ታች ደፍታ አራገፈችው፤ ከአንዲት የወረቀት ማያያዣ በቀር ምንም አልወደቀም።

«ጋሼ፣ መጨረሻው የት አለ?» አለች።

«የምኑ መጨረሻ?» አለ ጋሽ ፍሬን።

«የተረቱ ነዋ!»

ጋሽ ፍሬን ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ይህን ቅጽል ስም ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ድመት መንገድ ለማቋረጥ ገና ስታስብ እሱ ፍሬን ይይዛል። በሱ አውቶቡስ ቆሞ የተሳፈረ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ሳይተቃቀፍ አይወርድም ነበር፤ በዚሁ ሰበብ ተዋውቀው የተጋቡም አሉ ይባላል። መንዳቱን ያውቅበታል። መጻፉን የጀመረው ግን ካለፈው ወር ወዲህ ነው። ለዚህም ነው አሁን እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ትራፊክ ፖሊስ እንዳስቆመው ሰው ቀጥ ብሎ የተቀመጠው።

ክፍሏ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲባጎ ተወጥሮባታል፤ ሲባጎው ላይ የመጽሐፉ ገጾች እንደ ታጠበ ልብስ በመቆንጠጫ ተሰቅለዋል። አርታኢዋ ለልጆች የሚሆን የተረት መድበል እያዘጋጀች ነው፤ አሥራ ሁለት ተረት፣ ከአሥራ ሁለት ሰው። «ልጅ አንድ ዓይነት ድምፅ ቶሎ ይሰለቸዋል» ባይ ናት። ስለዚህ ተረት አለኝ ያላትን ሁሉ ጋበዘች። አዞ ጥርሱን ሲታከም የሚያሳይ ተረት የጻፈ የጥርስ ሐኪም አለ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ አለች። ስለ ከዋክብት የሚመራመር ፕሮፌሰር አለ። አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪም አለች። እውነተኛ ደራሲ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ በስብሰባ ላይ ከሁሉም ዝምተኞቹ እነሱ ናቸው። የአሥራ አንዱ ሰዎች ተረት ተሰቅሏል። የጋሽ ፍሬን ቦታ ላይ ግን መቆንጠጫዎቹ ምንም ሳይዙ ጥርሳቸውን ገጥመው ተሰልፈዋል።

«እስቲ አብረን እንየው» አለች አርታኢዋ። «አውቶቡሱ ከተራራው ግርጌ ተነሳ። ቲኬት ቆራጩ ጦጣ ነው። መጀመሪያው ፌርማታ ላይ ሰጎን ገባችና አንገቷን በጣሪያው መስኮት አወጣች። ቀጥሎ ሦስት መቶ ጉንዳኖች ገብተው ‹አንድ ወንበር ይበቃናል› አሉ። ኤሊ ገባችና ‹ቸኩያለሁ፣ ቶሎ በልልኝ› አለች። ጉማሬ ገባና የኋላውን ወንበር ከዳር እስከ ዳር ያዘው። እስከዚህ በሳቅ ልሞት ነው። ከዚያ ‹አውቶቡሱም ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ…› ይላል። አለቀ። የት ወጣ?»

ጋሽ ፍሬን ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ራሱ በእጁ ጽፎ፣ ራሱ አሽጎ ሲልከው የጎደለ ነገር እንዳለ አንዴም አልታየውም ነበር።

«እዚህ ላይ ስደርስ እኮ ልጆቹ ይተኛሉ» አለ። «ሦስት ልጅ በዚህ ተረት ነው ያሳደግሁት። በየምሽቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ ‹ወጣ፣ ወጣ› ስል እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሄጄ አላውቅም።»

አርታኢዋ ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጠችው። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ተራኪዎች በቤተ መጻሕፍቱ ለልጆች ያነባሉ፤ ሰኞ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ይገባል። መጨረሻ የሌለው ተረት አታትምም። ምናልባት ካስፈለገ ተብሎ አንድ የእንስሳት ሐኪም የጻፈው ተረት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

«እስከ ቅዳሜ ነው ያለዎት፣ ጋሼ» አለችው።

ቤት ሲደርስ የልጅ ልጁ ሚጢጢ በር ላይ ጠበቀችው። ሰባት ዓመቷ ነው። ማንበብ ከጀመረች ገና መንፈቅ ቢሆናት ነው፤ ግን «አያቴ መጽሐፍ ላይ ሊወጣ ነው» የሚለውን ወሬ ለክፍሏ ልጆች፣ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ለጎረቤት ውሻ ሳይቀር አዳርሳለች።

«አለፍክ?» አለችው።

«መጨረሻ ጎድሎሃል ተባልኩ።»

«መጨረሻ መሥራት ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«እኔ እንጃ፣ የኔ እናት። ሠርቼ አላውቅም።»

ረቡዕ ጠዋት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተሰየመ። እርሳሱን ቀረጸ፤ መነጽሩን ወለወለ፤ እርሳሱን እንደገና ቀረጸ። እስከ ምሳ ድረስ አንድ ዓረፍተ ነገር ወጣው፦ «አውቶቡሱ ያለ ምንም ችግር በሰዓቱ መድረሻው ደረሰ፤ ሞተሩም ደኅና ነበር።» ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቃላቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ለአለቃ የሚነገር ነው» አለች።

ሐሙስ ዕለት አንድ ነብር አሳፈረ። ነብሩ ኤሊዋን በጎሪጥ ሲያያት ሚጢጢ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ነብሩ ወዲያው ተሰረዘ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ለካስ ሁሉም ሕልም ኖሯል» ብሎ ጻፈ።

«ማጭበርበር ነው» አለች ሚጢጢ።

ባለቤቱ እዚያው አጠገቡ ሽንኩርት ትከትፋለች። «አንተ ሰውዬ፣ ለምን ልጆችህን ጠርተህ አትጠይቅም? ተረቱን ሲሰሙ ያደጉት እነሱ ናቸው።»

«እነሱማ ይተኙ ነበር!»

ባለቤቱ ቢላዋውን አቆመች። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ የሽንኩርቱ እንባ ይሁን የሳቅ አልለየለትም። «ብቻ ጥራቸው» አለችው።

ዓርብ ምሳ ላይ ሦስቱም መጡ። ትልቋ ፋርማሲስት ናት፣ የሚጢጢ እናት። መካከለኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ትንሿ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁልጊዜ ደረቷ ላይ መርፌ ስለምትሰካ ሰው የሚያቅፋት ተጠንቅቆ ነው። ጋሽ ፍሬን ጉዳዩን ነገራቸው።

«ይሄ ነው ያስጨነቀህ?» አለች ትልቋ። «ባሕር ነዋ! አውቶቡሱ ተራራውን አልፎ ቁልቁል ሲመጣ ባሕር ውስጥ ይገባል። ጉማሬው መስኮቶቹን በሆዱ ይደፍናቸዋል፣ ከዚያ እንደ መርከብ እየተንሳፈፉ ይሄዳሉ።»

«የምን ባሕር!» አለ መካከለኛው። «ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጠፋል። ጉንዳኖቹ የጉማሬው አፍንጫ ውስጥ ይገቡና ሲያስነጥስ አውቶቡሱ እንደ ሮኬት ተስፈንጥሮ ይወጣል።»

«ዓይንህን በጨው አጥበህ! ሮኬቱ የኔ አይደለም እንዴ? ጦጣው መሪውን ቀምቶ ወደ ጨረቃ ሲነዳ ነው ሮኬቱ የመጣው» አለች ትንሿ።

«አንቺ ያኔ ምን ታውቂያለሽ፣ ጡጦ ላይ ነበርሽ።»

«አራት ዓመቴ ነበር!»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አለ ጋሽ ፍሬን ሁለት እጁን አንሥቶ። «ባሕሩንም፣ ንጥሻውንም፣ ጨረቃውንም ማን ነገራችሁ? ከኔ አፍ አልወጣም።»

ሦስቱ ልጆቹ ድሮ ብርጭቆ ሲሰበር እንደሚያደርጉት ተያዩ። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ድሮው፣ ትንሿ አወጣችው።

«አባባ… ትተኛ ነበር እኮ።»

«ማን?»

«አንተ።»

«ሦስተኛው ‹ወጣ› ላይ ታንኮራፋለህ» አለ መካከለኛው። «መጀመሪያ ሰሞን የሞተሩን ድምፅ የምታሰማን መስሎን ነበር። ‹አባባ እንዴት ያለ ችሎታ አለው!› እንል ነበር።»

ትልቋ ግን አልሳቀችም። «ገና ሳይነጋ ተነስተህ ስትነዳ ውለህ እንዴት አትተኛ» አለች። «እንዳትነቃ በሹክሹክታ እኛው በየተራ እንጨርሰው ነበር። እማማ አንተን ልታነሳ ስትመጣ ዓይናችንን ጭፍን። እንዳንነግርህ ያስማልኳቸው እኔ ነኝ፤ ብታውቅ በዚያው ታቆማለህ ብዬ።»

ጋሽ ፍሬን ወደ ባለቤቱ ዞረ። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

«በየማታው ማን ጎትቶ አልጋህ ላይ የሚጥልህ መሰለህ? በሕልምህ በእግርህ የምትሄድ መስሎህ ነበር?» አለች ባለቤቱ። «የነዚህን ግን አላወቅኩም። ተኝተዋል ብዬ ስንቱን ሌሊት ብርድ ልብስ አለበስኳቸው፣ እነዚህ አታላዮች!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ፍሬንም ሳቀ፤ ግን ምሳው ሳያልቅ ወጥቶ ደጁ ላይ ካለው ደረጃ ተቀመጠ። በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር ብዙ አልነበረም፤ ልጅ ማስተኛት ግን ይችልበታል ብሎ ያምን ነበር። ጎረቤት ሕፃን ባስቸገረ ቁጥር «እኔን ጠይቁኝ፣ ዘዴው ድምፅ ላይ ነው» እያለ ስንቱን መክሯል!

ሚጢጢ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። «ተናደድክ?»

«አፈርኩ።»

ትንሽ አሰበች። «አባባ፣ አንተ ተኝተህ እነሱ ከጨረሱት፣ ተረቱ የማን ነው?»

እሱም ተነሳና ወደ ውስጥ ተመልሶ ሦስቱን መጨረሻዎች በሦስት ወረቀት አስጻፋቸውና ኮት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። አንዱን መምረጥ ሊኖርበት ነው። ሲመሽም አልመረጠም፤ ሲነጋም አልመረጠም። ባሕሩን ቢወስድ ንጥሻው ይቀየማል፤ ንጥሻውን ቢወስድ ጨረቃ ታለቅሳለች።

ቅዳሜ ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱ የልጆች ክፍል ጢም ብሏል። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ፣ ትልልቆቹ ከኋላ በትናንሽ ወንበሮች ጉልበታቸውን አገጫቸው ድረስ አጥፈው ተቀምጠዋል። የጥርስ ሐኪሙ አዞ በጭብጨባ አለፈ። የፕሮፌሰሩ ኮከብ ትንሽ ረዘመና አንድ ሕፃን «ሽንቴ መጣ» ብሎ አሳጠረው። ከዚያ አርታኢዋ ወደ ጋሽ ፍሬን አገጯን ሰበቅ አድርጋ፣ በዓይኗ «አለ?» ስትል ጠየቀችው። እሱም መኖር አለመኖሩን በማይለይ ሁኔታ ራሱን ነቅንቆ ተነሳ።

ሰጎኗ ስትገባ ልጆቹ ሳቁ። ጉንዳኖቹ ሲገቡ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ጉማሬው ሲገባ ሁለት የፊት ጥርሶቹ የወለቁለት ልጅ «ትርፍ ጭነሃል! ትራፊክ ይይዝሃል!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ፍሬን ልቡ ሞላ። «አውቶቡሱም ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፣ ወጣ፣ ወ…»

አፉ ሳያስበው ተከፈተ። ያሳደጉት ልማድ የት ይሄዳል? መንጋጋው እስኪላቀቅ ድረስ አዛጋ። የፊተኛው ረድፍ አዛጋ። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ደራሲዎቹ። ክፍሉ በሙሉ አዛግቶ ሲያበቃ በሳቅ ተንጫጫ። እሱ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወረቀቶቹን እየዳሰሰ ቆመ፤ የትኛውን?

«ግን ለምንድን ነው ማንም የማይወርደው?» አለ ጥርሰ ወላቃው ልጅ።

ጋሽ ፍሬን እጁን ባዶውን ከኪሱ አወጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት! ስንት ሰው አውርዷል፤ አሮጊት አውርዷል፣ ሙሽራ አውርዷል፣ ፌርማታው ያለፈው ተማሪ ከነልመናው አውርዷል። በተረቱ ውስጥ ግን አንዲት ጉንዳን እንኳ አውርዶ አያውቅም። ማሳፈርማ ምን ችግር አለው፣ በር መክፈት ነው። ለማውረድ ግን እያንዳንዱ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዘጠኙን ገጽ አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገና በድሮው የሥራ ድምፁ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ጮኸ።

«ወራጅ አለ?»

«አለ!» አሉ ልጆቹ።

ጉንዳኖቹን ልጆቹ ስኳር መደብር በር ላይ አወረዷቸው። በወረፋ፣ አንድ በአንድ፣ ሦስት መቶውም እስኪወርዱ ኤሊዋ «በእግሬ ብሄድ ይሄኔ ደርሼ ነበር» አለች። ሰጎኗ ለመውረድ ስትነሳ አንገቷ ጣሪያው ላይ ቀረ፤ እግሯ መሬት ከረገጠ በኋላ እንኳ ጭንቅላቷ ለሁለት ፌርማታ ያህል እላይ ሆኖ እየተሰናበተ ሄደ። ጉማሬው መዋኛ ገንዳው ጋ ሲወርድ የአውቶቡሱ ፊት ድብ ብሎ መሬት ነካ፤ ለካስ መንገዱን ሁሉ በኋላ ጎማ ብቻ ነበር የመጡት። ኤሊዋ መጨረሻው ፌርማታ ላይ «ደረስን እንዴ? ምን አጣደፈህ?» ብላ ተቆጥታ ወረደች። ጦጣውም ቦርሳውን አንግቦ ደኅና ዋል አለ።

«ሾፌሩ ብቻውን ቀረ» አለ ጋሽ ፍሬን፤ ድምፁም ዝቅ አለ። «ሞተሩን አጠፋ። ወንበሮቹን ጠረገ፤ አንዲት የሰጎን ላባ አገኘና ኪሱ ከተታት። ከዚያ እሱም ወረደ። በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱ ውስጥ ሦስት ልጆች በአንድ ብርድ ልብስ ስር ዓይናቸውን አፍጥጠው ይጠብቁታል። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ‹አንድ አውቶቡስ ነበረ› አላቸው። ‹ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፣ ወጣ፣ ወ…›»

ዓይኑን ጨፈነና አንኮራፋ። ከልቡ አንኮራፋ፤ በማርሽ ለውጥ ጭምር። ልጆቹ በሳቅ አንዱ በአንዱ ላይ ተደፉ። እሱ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ክፍሉም ጸጥ አለ። ከዚያ ሦስቱን ወረቀቶች አውጥቶ በሹክሹክታ አነበበላቸው። ትልቋ «ባሕር ገባ» አለች። መካከለኛው «የለም፣ ጉማሬው አስነጠሰና ተስፈነጠረ» አለ። ትንሿ «ጨረቃ ደረሰ» አለች። ሾፌሩ እንዳይነቃ ቀስ ብለው እየተጨቃጨቁ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አውቶቡስ ሄዱ። «እናታቸውም መጥታ ሾፌሩን ጎትታ አነሳችው። አለቀ።»

ከኋላ፣ በአንዲት ትንሽ ወንበር ላይ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጁ መሐረብ ሲፈልግ ይሰማል።

ጥርሰ ወላቃው ልጅ ግን አልረካም። «ሾፌሩ መጨረሻውን ሰማ ወይስ አልሰማም?»

«ሰማ» አለ ጋሽ ፍሬን። «ትናንት ምሳ ላይ።»

ጭብጨባው ሲጀምር የመጀመሪያዋ ሚጢጢ ነበረች፤ ሲያበቃም የመጨረሻዋ እሷው። አርታኢዋ እየሮጠች መጥታ ክንዱን ያዘችው። «አሁኑኑ ይንገሩኝና ልጻፈው፣ ጋሼ፤ በሞቴ አንዲት ቃል ሳትጠፋ!» ጥግ ላይ ካለች የልጆች ጠረጴዛ ተቀምጠው ጻፉት። ሦስቱ ልጆቹም በየተራ ጣልቃ እየገቡ አረሙት፤ የሮኬቱ ነገር እንደገና አጨቃጨቀ። በኋላ አርታኢዋ ስለ ጸሐፊዎቹ የሚናገረውን የመጨረሻ ገጽ አወጣች። እያንዳንዱ ሰው ከስሙ ጋር ሥራው በአንድ መስመር ይገባል፤ ፕሮፌሰሩ ብቻ ማዕረጉ ስለበዛ ሦስት መስመር ይዟል።

«የእርስዎን ‹ጡረታ የወጣ ሾፌር› ልበል?»

ጋሽ ፍሬን መነጽሩን አወለቀ። «‹አንድ ሾፌርና ያልተኙ ሦስት ልጆቹ› በይ። የሁላችንንም ስም አስገቢ።»

«ጎታቿስ?» አለች ባለቤቱ ከኋላው። «እኔ ባላነሳህ እስከ ዛሬ እዚያው አልጋ ጫፍ ላይ አልነበርክም?»

«እሷንም ጨምሪ።»

አርታኢዋ በእርሳሷ ቦታውን ለካች፤ አምስት ስም በአንድ መስመር አይገባም። ቀና ስትል ፕሮፌሰሩ ጎንበስ ብሎ ገጹን ያያል። እርሳሱን ከእጇ ተቀብሎ ከራሱ ማዕረጎች ሁለቱን በጥንቃቄ ሰረዛቸው።

«እዚህ ተሳፈሩ» አለ፣ «ቦታ አለ።»